ማማ፣ ግንብ ወይስ ታወር? ስለ በረራ መቆጣጠሪያ ማማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። በአንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ የዜና አዘጋጅ ነኝ። በቅርቡ በጭጋግ ስለተስተጓጎለ በረራ ስጽፍ «የኤርፖርቱ መቆጣጠሪያ ማማ» የሚል ሐረግ ተጠቅሜ ነበር። አለቃዬ «ማማ የማሽላ ጠባቂ መቀመጫ ነው፤ ያንን የሚያህል ሕንፃ ማማ አይባልም፣ ግንብ በል» አሉኝ። አንዲት ባልደረባዬ ደግሞ «ሰው ሁሉ የሚያውቀው ታወር ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» አለችኝ። በመጨረሻ በአየር ላይ የዋለው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «በከባድ ጭጋግ ምክንያት የአየር መንገዱ ግንብ አውሮፕላኑን መቆጣጠር ስላልቻለ፣ አብራሪው በሌላ ከተማ በሰላም አርፈዋል።» ከሦስቱ ቃላት የቱ ነው ትክክል? «መቆጣጠር» ሲባልስ እዚያ ላይ የተቀመጠው ሰው አውሮፕላኑን ይነዳዋል ማለት ነው?

መልስ፦ አብሮ ጤና ይስጥልኝ። ፍርዱን አስቀድሜ ምክንያቱን ላስከትል። «ማማ» ትክክል ነው። በጽሑፍና በዜና «የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ» ይበሉ፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲያነሡት «ማማው» ብቻ ይበቃል። «ታወር» በንግግር ነውር የለበትም፤ ሥራው ላይ ያሉ ባለሙያዎችም የሚሉት እሱኑ ነው። «ግንብ» ግን ለዚህ ነገር አይሆንም። አየር ላይ የዋለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከግንቡ ሌላ ሦስት ችግር አለበት፤ አንደኛው የአብራሪውን ቤተሰብ ሊያስደነግጥ የሚችል ነው። እመለስበታለሁ።

አለቃዎ «ማማ የማሽላ ጠባቂ መቀመጫ ነው» ማለታቸው እውነት ነው። ያልተስማማሁት ከዚያ ተነሥተው በደረሱበት መደምደሚያ ነው። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አድርጎ ወደ ወሎ ቆላ በመኸር ወራት ያለፈ ሰው ማማ ምን እንደሆነ በዓይኑ አይቷል። አራት ባላ ይተከላል፤ በባላዎቹ ላይ አግዳሚ ይጋደማል፤ በአግዳሚው ላይ እንጨት ይረበረባል። ላዩ በአገዳ ወይም በሣር ይከደናል፣ ጎኑ ግን በአራቱም በኩል ክፍት ነው። ክፍት የሆነው ሠሪው ስለሰነፈ አይደለም። ጠባቂው ግሪሳው ከየት በኩል እንደመጣ፣ ጦጣው በየትኛው ዳር እንደገባ ከአንድ ቦታ ሆኖ ማየት አለበት። አይቶ ወንጭፉን ይወነጭፋል፣ ጅራፉን ያጮኻል፣ በወዲያኛው እርሻ ማማ ላይ ላለው ጓደኛው ይጣራል። እንግዲህ «ማማ» የተሠራበትን ነገር የሚናገር ስም አይደለም። ከፍ ተብሎ ዙሪያው የሚታይበትን ቦታ የሚናገር ነው። እንጨቱ በሲሚንቶ፣ ክፍት ጎኑ በመስተዋት ቢተካ ስሙን የሚያስነጥቅ ነገር አልመጣም።

«ግንብ» በአንጻሩ ከ«ገነባ» የወጣ ነው፤ የሚነግረን የተሠራበትን ነገርና የአሠራሩን ነገር ነው። ድንጋይና ኖራ፣ ድንጋይና ጭቃ፣ ዛሬ ደግሞ ብሎኬትና ሲሚንቶ። የጎንደሩ የፋሲል ግንብ ግንብ የተባለው ከፍ ስላለ ብቻ አይደለም፤ በድንጋይና በኖራ ስለተገነባ ነው። ከሰው ቁመት የማይበልጥ የግቢ አጥርም «የግንብ አጥር» ይባላል። ስለዚህ ግንብ ቁመትን የግድ አይለውም፤ መመልከትንማ ጨርሶ አይነካውም።

አለቃዎ ግንብን ያመጡት ከመጽሐፍ ቅዱስ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። የባቢሎን ግንብ አለ፤ በሰሊሆም የወደቀው ግንብ አለ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ላይ ያለው የወይን አትክልት ባለቤትም ቅጥር ቀጥሮ፣ መጥመቂያ ምሶ፣ ግንብ ሠርቶ ነው ለገበሬዎች ያከራየው። የዚያ የወይን ቦታ ግንብ ሥራው የኛ ማማ ሥራ ነው፤ ፍሬውን መጠበቂያ ነው። ነገር ግን በዚያ አገር የሚሠራው ከድንጋይ ስለሆነ «ግንብ» መባሉ ተገቢ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ከፍ ብሎ የቆመ ሁሉ ግንብ ነው ማለት ግን ቃሉን ያለ አቅሙ መጫን ይሆናል።

ደግሞም ማማ ከእርሻ ከወጣ ቆይቷል። ኢትዮጵያ «የአፍሪካ የውኃ ማማ» ስትባል በትምህርት ቤት ያልሰማ ተማሪ የለም፤ ማንም አንባቢ ይህን ሲሰማ ማሽላ አያስብም። በጦር ሰፈርና በማረሚያ ቤት አጥር ማዕዘን ላይ ዘብ የሚቆምበትም «የጥበቃ ማማ» ነው። ቃሉ ራሱ አድጎ ሄዷል፤ እኛ ወደ ኋላ የምንጎትተው ለምንድን ነው?

ነገሩ ከየት እንደተነሣ ብንመለከት ደግሞ «ማማ» ምን ያህል ልክ እንደሆነ ይታያል። በዓለም የመጀመሪያው የሚባለው የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ ለንደን አጠገብ በነበረው የክሮይደን አውሮፕላን ማረፊያ የተሠራው ነው። የእንግሊዝ የአየር ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1920 እንዲሠራ ሲያዝ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ ቤቱ ከመሬት 15 ጫማ ከፍ ይበል፤ በአራቱም ግድግዳ ትላልቅ መስኮት ይኑረው። 15 ጫማ አራት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከፍታና አራቱንም አቅጣጫ ማየት። ከቆላው ገበሬ ብንጠይቅ ስለ ማማው የሚነግረን እነዚሁኑ ሁለቱን ነው። ዛሬ በጅዳ የንጉሥ አብዱልአዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ማማ ቁመቱ 136 ሜትር ነው፤ ጥያቄው ግን የክሮይደኑ ጥያቄ ነው። ከሩቅ ሆነው የማንኛውንም ዘመናዊ ማማ የላይኛ ክፍል ልብ ብለው ይዩት። መስተዋቶቹ ቀጥ ብለው አልቆሙም፤ ከላይ ወደ ውጭ ያዘነበሉ ናቸው። በሌሊት የውስጡ መብራትና የስክሪኑ ብርሃን በመስተዋቱ ላይ ተንጸባርቆ የተቆጣጣሪውን ዓይን እንዳይጋርድ ታስቦ ነው። ሕንፃው ከእግሩ እስከ ራሱ ለማየት ሲባል የቆመ ነው። የማየትን ሥራ የሚናገር ስም በቋንቋችን ካለን፣ የድንጋይን ሥራ የሚናገር ስም መዋስ የለብንም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ይኸኛው ነው። የማማው ችግር ማማ የሚለው ቃል አይደለም፤ «መቆጣጠሪያ» የሚለው ነው።

ከ«ነገረ» «ተነጋገረ»፣ ከ«መለሰ» «ተመላለሰ» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ቆጠረ» «ተቆጣጠረ» ይወጣል። ሥሩ ቁጥር ነው። አንዱ የቆጠረውን ሌላው መልሶ ሲቆጥር፣ ሁለቱ ቆጠራቸውን ሲያስተያዩ ተቆጣጠሩ ይባላል። የእንግሊዝኛው «ኮንትሮል»ም በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን ጥንት የነበረው ፍቺ ሒሳብን የሚያመሳክሩበት ሁለተኛ መዝገብ ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ከአንድ ሒሳብ ቤት መነሣታቸው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ግን የእኛ ቃል ብዙ ቦታ ደርሷል። «ጦሩ ከተማዋን ተቆጣጠረ» ስንል ያዘ፣ ገዛ ማለታችን ነው። ቴሌቪዥኑን በሪሞት ስንቆጣጠር ደግሞ ማዘዛችን፣ ማንቀሳቀሳችን ነው። በአውቶቡስ ውስጥ ያለው ትኬት ተቆጣጣሪ ግን አውቶቡሱን አልያዘም፣ አይነዳምም፤ ማን ከፍሎ ማን ሳይከፍል እንደተሳፈረ ያጣራል።

የማማው ሰው የሚቀርበው ለዚህ ለመጨረሻው ነው። በብዙ ማማዎች ውስጥ በተቆጣጣሪው ፊት የሚደረደሩ ጠባብ ቁራጭ ወረቀቶች አሉ፤ ባለሙያዎቹ «ስትሪፕ» ይሏቸዋል። አንዱ ቁራጭ ለአንድ አውሮፕላን ነው። የጥሪ ስሙ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ መነሻውና መድረሻው፣ የተፈቀደለት ከፍታ ተጽፎበታል። አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ቁራጩም ከረድፉ ይንቀሳቀሳል። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ለሌላ ተቆጣጣሪ ሲተላለፍ ቁራጩም ከፊቱ ይነሣል። ዛሬ በብዙ አገር ወረቀቱ ወደ ስክሪን ተዛውሯል፤ ልማዱ ግን አለ። ይህ ቆጠራ ነው፤ ማን የት እንዳለ፣ ማን ከማን እንደሚቀድም፣ በመንደርደሪያው ላይ አሁን ማን እንዳለ።

«ተቆጣጠረ» በሚለው ውስጥ ያለው የሁለት ወገን መልክም አልጠፋም። ተቆጣጣሪው ለአብራሪው ፈቃድ ወይም ትእዛዝ በሬዲዮ ሲሰጥ አብራሪው ዋና ዋናውን ቃል በቃል መድገም አለበት፤ የመንደርደሪያውን ቁጥር፣ ከፍታውን፣ አቅጣጫውን። ተቆጣጣሪው ድጋሚውን ይሰማል፤ ከሰጠው ጋር ካልገጠመ ያርማል። አንዱ የቆጠረውን ሌላው ይቆጥራል። አብራሪው የታዘዘውን መፈጸም የማይችል ከሆነ አልችልም ማለት ይፈቀድለታል፤ በዓለም አቀፉ ሕግ መሠረት ስለ አውሮፕላኑ የመጨረሻው ውሳኔ በዋናው አብራሪ እጅ ነው። እናም ለጥያቄዎ ቀጥተኛው መልስ፦ አይነዳውም። በማማው ውስጥ አውሮፕላንን ወደ ግራ የሚያዞር መሪ፣ ወደ ታች የሚያወርድ ማንሻ የለም። ያለው ዓይን፣ ሬዲዮና መዝገብ ነው።

ለዚህ ነው ዜና ላይ ግሱን ያለ ጥንቃቄ መጠቀም የሚያሳስበኝ። «ታጣቂዎች የበረራ መቆጣጠሪያ ማማውን ተቆጣጠሩ» የሚል ርዕስ ቢመጣ፣ አንዱ ግስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ «ማማውን ያዙ» ቢባል ነገሩ ይጠራል። «አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ውጭ ሆነ» ሲባልም ሰሚው ሁለት ነገር ሊገባው ይችላል። አብራሪው መምራት አቅቶት ከሆነ «ከአብራሪው ቁጥጥር ውጭ ሆነ» ይባል። ሬዲዮው ተቋርጦ ከሆነ ደግሞ «ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ» ይባል። የመጀመሪያው አደጋ ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ የሚስተካከል ነገር ነው። ሬዲዮ የሚያዳምጥ የተጓዥ ቤተሰብ ይህን ልዩነት የማግኘት መብት አለው።

ሌላው የሚያምታታ ነገር ማማን የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ሁሉ ስም ማድረግ ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ብዙ ሰው ስለዚህ ሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ፤ በየቦታውም «የማማው ሠራተኞች» ሲባል ነበር። ተቆጣጣሪ ሁሉ ግን ማማ ላይ አይቀመጥም። የማማው ሰው የሚመለከተው መንደርደሪያውንና በዙሪያው ያለውን ቅርብ ሰማይ ነው፤ የሚነሣውንና የሚያርፈውን። ወደ ከተማዋ የሚቃረቡትንና ከእርሷ የሚርቁትን የሚያሰልፍ ሌላ ክፍል አለ፤ በባለሙያዎቹ አጠራር «አፕሮች» ነው። ከዚያ በላይ፣ በከፍታ ላይ አገር አቋርጦ የሚሄደውን የሚከታተለው ደግሞ ሦስተኛው ክፍል ነው። ይህ የመጨረሻው መስኮት የማያስፈልገው ክፍል ነው፤ የሚሠራው በስክሪንና በሬዲዮ ነው።

በሬዲዮ ሲጠራሩ እያንዳንዱ ክፍል በከተማው ስም ላይ የራሱን ቅጥያ ይጨምራል። የማማው «ታወር» ይባላል፣ በመሬት ላይ የሚንቀሳቀሱትን የሚመራው «ግራውንድ»፣ የሚያቃርበው «አፕሮች»። «ኮንትሮል» ተብሎ የሚጠራው ማን እንደሆነ ይመልከቱ፤ መስኮት የማያስፈልገው ሦስተኛው ክፍል ነው። አብራሪ በሬዲዮ «ታወር» ሲል አንድ ክፍል፣ «ኮንትሮል» ሲል ሌላ ክፍል መጥራቱ ነው፤ እኛ ግን ሁለቱን ቃላት አገጣጥመን በአንድ ሕንፃ ላይ ለጥፈናቸዋል። ስለዚህ 37,000 ጫማ ላይ ስላለ አውሮፕላን ሲጽፉ «ማማው» አይበሉ። «የአየር ትራፊክ ቁጥጥር» ወይም «የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች» ሁሉንም ክፍል የሚያቅፍ ስለሆነ አያሳስትም።

ሥራው ከማማ ሕንፃ ተለይቶ የቆመባቸው ጊዜያትም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ አርቺ ሊግ የተባለ ሰው ለዚህ ሥራ ተቀጠረ። ሕንፃም ሬዲዮም አልነበረውም። በጠዋት ወንበሩን፣ ጥላውን፣ ምሳውንና ሁለት ባንዲራዎቹን በአንድ ጎማ ጋሪ ጭኖ ወደ መንደርደሪያው ጫፍ ይሄዳል። ቀዩን ባንዲራ ሲያውለበልብ «ቆይ» ማለቱ ነው፣ ባለ ዳማውን ሲያውለበልብ «ሂድ»። አሜሪካኖች የመጀመሪያው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪያችን የሚሉት ይህን ሰው ነው። የባንዲራው ቋንቋ ዛሬም በብርሃን መልክ በማማው ውስጥ አለ። የአውሮፕላኑ ሬዲዮ ከተበላሸ ተቆጣጣሪው የብርሃን መሣሪያ አንሥቶ ወደ አብራሪው ያነጣጥራል። በአየር ላይ ላለ አውሮፕላን የማይቋረጥ አረንጓዴ «ማረፍ ተፈቅዶልሃል» ነው፤ የማይቋረጥ ቀይ «ለሌላው ቅድሚያ ስጥ፣ መዞርህን ቀጥል»፤ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ «ማረፊያው አደገኛ ነው፣ አትረፍ»።

አንድ ቃል በዚህ ሥራ ውስጥ ምን ያህል እንደሚመዝን የሚያሳይ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 27 ቀን 1977፣ በስፔን ካናሪ ደሴቶች በተነሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች (አንዱ የሆላንድ ነው) በመንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። በአጎራባቹ ደሴት ማረፊያ ቦምብ በመፈንዳቱ ብዙ አውሮፕላኖች ወደ ተነሪፍ ተዛውረው ማረፊያውን አጨናንቀውታል። ጭጋግ ወርዶ ስለነበር የማማው ሰው ሁለቱንም አውሮፕላኖች አያይም፤ የመሬት ራዳርም አልነበረውም። ማማው ማየት ሲሳነው የቀረው ቃል ብቻ ነበር።

የሆላንዱ አውሮፕላን የመነሻ ፈቃድ አላገኘም። የተሰጠው ከተነሣ በኋላ የሚከተለው መንገድ ነው። ረዳት አብራሪው ያንን በእንግሊዝኛ ደግሞ ሲጨርስ «አሁን መነሻ ላይ ነን» የሚመስል ነገር ጨመረ። ተቆጣጣሪው ይህን የሰማው «ለመነሣት ተዘጋጅተን መነሻው ላይ ቆመናል» ብሎ ነው፤ «እሺ» አለና ጥቂት ቆይቶ «ለመነሣት ጠብቅ፣ እጠራሃለሁ» ሲል ጨመረ። አውሮፕላኑ ግን መንደርደር ጀምሮ ነበር። በዚያው ቅጽበት ሌላው አውሮፕላን እርሱ ገና መንደርደሪያው ላይ እንዳለ ለመናገር ሬዲዮውን ከፈተ፤ ሁለቱ ድምፆች ተደራረቡና በሆላንዱ አውሮፕላን ውስጥ የተሰማው ከ«እሺ» በኋላ ፉጨት የተቀላቀለበት ነበር። የቋንቋ ሰዎች የረዳት አብራሪውን አነጋገር በራሱ ቋንቋ ጠባይ ያስረዱታል፤ በሆላንድኛ አንድን ድርጊት እያደረጉ መሆንን ለመናገር «ድርጊቱ ላይ ነን» የሚል አገባብ አለ። ተናጋሪው «እየተነሣን ነው» አለ፤ ሰሚው «መነሻው ላይ ነን» ብሎ ሰማ። በአማርኛችንም ይህ ዓይነት ክፍተት አለ። ቤቱን ያልለቀቀ ሰው በስልክ «እየመጣሁ ነው» ይላል፤ መንገድ ላይ ያለውም «እየመጣሁ ነው» ይላል።

ከዚያ አደጋ በኋላ የሬዲዮ አነጋገር ሕግ ጠበቀ። «መነሣት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሚነገረው የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥና ፈቃዱ ሲሰረዝ ብቻ ሆነ። በሌላ ጊዜ ሁሉ ሌላ ቃል፣ «ጉዞ መጀመር» የሚለው ዓይነት፣ እንዲተካው ተደረገ። ለድጋሚ «እሺ» ማለት አይበቃም፤ የተባለው ራሱ ይደገማል። በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ያሉ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎችም የእንግሊዝኛ ችሎታቸው ተመዝኖ ቢያንስ አራተኛ ደረጃ እንዲያገኙ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንግጓል። በዚህ ምክንያት የእኛ የአማርኛ ቃላት በሬዲዮው ላይ አይነገሩም፤ የሚነገሩት ለሕዝብ ነው። ይህ ግን ሸክማችንን አያቀልልንም። ባለሙያዎቹ ለቃሉ ያን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ሥራቸውን ለሕዝብ የምንናገር ሰዎች እንዳሻን ልንናገር አይገባም።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገርዎ። «የአየር መንገዱ ግንብ» ያላችሁት «የአውሮፕላን ማረፊያው ማማ» መሆን አለበት። አየር መንገድ አውሮፕላኖቹን የሚያበርረው ድርጅት ነው፤ ማረፊያው ቦታ ነው። ማማውም የአየር መንገዱ ነው ብሎ ማሰብ ያሳስታል፤ በ2010 ሥራ ያቆሙት ተቆጣጣሪዎች የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሠራተኞች እንጂ የአየር መንገዱ አልነበሩም። «አየር ማረፊያ» ወይስ «አውሮፕላን ማረፊያ» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። የሚያርፈው አውሮፕላን ስለሆነ ሁለተኛው ሙሉ ነው፤ የመጀመሪያውም በአጠቃቀም ጸንቷልና አልነቅፈውም። «ኤርፖርት»ም የሕዝብ ቃል ሆኗል፤ በአዲስ አበባ የልደታው የቀድሞ ማረፊያ አካባቢ ስሙ ዛሬም «ኦልድ ኤርፖርት» ነው፤ ማንም አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ብሎ ታክሲ አይጠራም።

ከሁሉ የሚብሰው «አብራሪው በሰላም አርፈዋል» የሚለው ነው። «አረፈ» ለአውሮፕላን ወረደ፣ መሬት ነካ ማለት ነው። ለሰው፣ በተለይ በአክብሮት አነጋገር፣ ሞተ ማለት ነው። «በሰላም» ሲጨመርበት ደግሞ የሐዘን ማስታወቂያ አነጋገር ይሆናል። ይህን ዜና የሰማች የአብራሪው እናት ምን እንደሚሰማት አስቡት። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሰውን ከ«አረፈ» ጋር አታገናኙ። «አውሮፕላኑ በሰላም አርፏል» ወይም «አብራሪው አውሮፕላኑን በሰላም አሳርፈዋል» ይበሉ።

ሦስተኛው ችግር ከሐሳቡ ነው። ጭጋግ ማማውን አይቶ ከመከታተል ሊያግደው ይችላል እንጂ ከአብራሪው ጋር ከመነጋገር አያግደውም። አውሮፕላኑ ያላረፈው አብራሪው መንደርደሪያውን ለማየት የሚያስፈልገው ርቀት ስላልተገኘ ነው፤ ወደ ሌላ ከተማ የመዞሩ ውሳኔም የአብራሪው ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «በከባድ ጭጋግ የተነሣ መንደርደሪያውን ማየት ባለመቻሉ፣ አብራሪው ለበረራ መቆጣጠሪያ ማማው አስታውቀው አቅጣጫ በመቀየር አውሮፕላኑን በሌላ ከተማ በሰላም አሳርፈዋል።» «መንደርደሪያ» ያልኩትን «ማኮብኮቢያ» ማለትም ይቻላል፤ ሁለቱም በዜና የተለመዱ ናቸው። በአንድ ዜና ውስጥ ግን አንዱን መርጠው ይጽኑበት፤ አለዚያ ሰሚው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል።

ይህን ካነሣን የሚቀጥለው ጥያቄ ወደ ጠረጴዛዎ እንደሚመጣ ስለማውቅ አስቀድሜ ልመልሰው። ማማ የሌለው ማማ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የስዊድኑ የኦርንሾልድስቪክ አውሮፕላን ማረፊያ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሱንድስቫል ካለ ክፍል በካሜራ መመራት ጀመረ። በ2021 ደግሞ የለንደን ሲቲ አውሮፕላን ማረፊያ ተከተለ፤ በማረፊያው የቆመው 50 ሜትር ከፍታ ያለውና 16 ካሜራዎች የተሰቀሉበት ምሰሶ ነው፤ ተቆጣጣሪዎቹ ያሉት በደቡብ እንግሊዝ ስዋንዊክ በሚባል ቦታ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። በእንግሊዝኛ ይህንንም «ታወር» ማለታቸውን አልተዉም።

በአማርኛ ስሙን ለማን እንስጥ? ከፍታው ያለው ምሰሶው ዘንድ ነው፤ ማየቱ ያለው ክፍሉ ውስጥ ነው። የእኔ ፍርድ ስሙ ማየቱን ይከተል የሚል ነው። ማማ ያለ ተመልካች እንጨት ነው፤ ማንም ያልተቀመጠበትን ምሰሶ «የካሜራ ምሰሶ» ማለት ይበቃል። ተቆጣጣሪዎቹ የሚሠሩበትን በመጀመሪያ «ከርቀት የሚሠራ የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ» ብለው ያስተዋውቁት፣ ከዚያ በኋላ «የርቀት ማማ» ይበሉት። «ዲጂታል ማማ»ም ስሕተት የለበትም፤ ግን ለአድማጭ የሚነግረው ያንሳል፤ «የርቀት» ሲባል ሰው መኖሩም ሰውየው ሌላ ቦታ መሆኑም አብሮ ይሰማል።